የቃሬዛዋ ቀኝ ክንፍ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለዲሪዬ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ልጅህ ሑዳስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ስለ ጉልበቴም ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መልስህን ነጋዴዋ ፊልሳን ከባቡር ወርዳ፣ ሸቀጧን እንኳ ሳታራግፍ አምጥታ ሰጠችኝ። ከስንት ዘመን በኋላ ድንገት ደብዳቤ የጻፈችልህን ሴት "ምን ፈለገች?" ሳትል በመመለስህ አመሰግናለሁ። የጠየቅሁህ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያች አውሮፕላን በእርግጥ ነበረች ወይስ አልነበረችም? አንተም "ነበረች፤ በእጄ ነው የሠራኋት" ብለህ ጻፍህ። በቃኝ።

ለምን እንደጠየቅሁ ልንገርህ። ወንድሜ ይሳቅ ከገና ወዲህ አልጋ ላይ ነው። የደከመው ሰውነቱ እንጂ አእምሮው አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ ሐኪሙ ግን እንደዚያ አያምንም። ይሳቅ በጦርነቱ ጊዜ በክንፎቿ ላይ ቁስለኛ አስተኝታ የምትበር አውሮፕላን አበር ነበር ብሎ ቢነግረው፣ ወጣቱ ሐኪም በትሕትና ወደ በሩ ወሰደኝና "እማማ፣ ቅዠት ነው፤ አይከራከሩት" አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። የይሳቅ ጆሮ ግን አልደከመም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ለእኔ የተናገረው ይህን ብቻ ነው፦

"አለም፣ ሳልሞት አሳዩኝ። ካልቻላችሁ ደግሞ አብደሃል በሉኝና ልረፍ።"

እኔ ያላየሁትን አየሁ አልልም። እናንተ ከአየር ምድቡ አጥር ውስጥ ስትሠሩ እኔ በምድር ባቡር የንድፍ ክፍል ድልድይ እየሳልሁ ነበር። ፎቶግራፍ የለም፤ ያን ጊዜ ማንሳት ክልክል ነበር። ቁስለኛ የሚተኛባቸው የክንፎቿ ሣጥኖችም ጦርነቱ ሳያልቅ ተነቅለዋል ብለኸኛል። እንግዲህ የቀረው መንገድ እሷኑ መልሶ መሥራት ነው። በትንሹ እሠራታለሁ።

አገሩ ከተመለሰ የፈረንሳይ ወታደር ዕቃ መሐል አገኘሁት ብለህ ከመልስህ ጋር የላክኸው የሞዴል ካርቶን ደርሶኛል። እንዳልኸው የስዊድኑ ማሠልጠኛ አውሮፕላን ነው፤ ከእውነተኛው አርባ ስምንት ጊዜ ያነሰ። አካሉ አለ፣ ጭራው አለ፣ ጎማዎቹ አሉ። ክንፎቹ የሉም። ካርቶኑን ከመግዛትህ በፊት ከፍተህ አላየኸውም ማለት ነው። አልቆጣም። የእናንተይቱ ክንፍ ተቀጥሎ ይረዝም ከነበረ ለማንኛውም አዲስ መቅረጽ ነበረብን።

የሚያስፈልገኝ ልኬት ነው። ክንፉ በስንት ረዘመ? ሣጥኖቹ ከአካሉ ምን ያህል ራቁ? ክዳናቸው ወደየት ይከፈት ነበር? "ይመስለኛል" የሚለውን ቃል አትጻፍልኝ። ስልክም አትደውል፤ ጆሮዬ ከብዷል፣ ልኬትም በስልክ አይነገርም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ይሳቅ ከሰዓት በኋላ ሲያንቀላፋ የቀኝ እጁን አንጓ ወደ ደረቱ ይጎትትና "ገመዱ ቆመ" ይላል። ምን ገመድ እንደሆነ ታውቃለህ?

እህትህ፣
አለምብርሃን


ጅቡቲ፣ ባልባላ
የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማዳም ሬግል፣

ወላሂ ይህን ስም ከጠራሁት ስንት ዘመኑ! ይሳቅ ምሳ ሲጋብዘን አንቺ ማስመሪያሽን፣ ያን ሬግልሽን፣ ከእጅሽ አታወርጂም ነበር። ሥጋውን ለክተሽ የምታካፍዪን ይመስለን ነበር።

የምትጽፈው ሑዳ ናት። ዓይኔ ኸላስ፣ ሄዷል፤ የቀረኝ ጥላና ብርሃን ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝና ስህተት ካገኘሽ ቁጣሽን ወደ እኔ ላኪው። አሁን "አባ፣ ይሄንን አልጽፍም" እያለችኝ ነው። ጻፊ አልኳት።

እኛ ቃሬዛ ነበር የምንላት። ቁስለኛ ከግንባር በመኪና ሲመጣ መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። ትልቁ አውሮፕላን ደግሞ በየሜዳው አያርፍም። አለቃችን ትንሿን አሳየንና "በዚህች ሁለት ሰው ተኝቶ ይምጣ" አለ። የት ይተኛ? ሆዷ ጠባብ ነው። ስለዚህ በክንፏ ላይ፣ በግራና በቀኝ፣ አንዳንድ ሣጥን ገጠምን። እንጨቱ ከጥይት ሣጥን የተገኘ ነው። እንድትሸከም ክንፏን በየጎኑ አንድ ክንድ ቀጠልነው። ያኒ የኔን ክንድ ማለቴ አይደለም፣ ሃምሳ ሳንቲሜትር ነው። ሑዳ፣ በደንብ ጻፊው፣ አለበለዚያ ትገድለኛለች። የቀረውን ልኬት ከወረቀቱ ጀርባ ታገኚዋለሽ።

መጀመሪያ ማን ይተኛበት? ማንም እሺ አላለም፤ መልኩ የሬሳ ሣጥን ነው። የሠራሁት እኔ ነኝና እኔው ገባሁ፣ በቀኙ። በግራው ክብደቴን የሚያህል አሸዋ በጆንያ አስተኛን። ይሳቅ ክዳኑን ሲዘጋብኝ "ዋርያ፣ ከወደቅክ ለእናትህ ምን ልበል?" አለኝ። "ክንፉ ሲወድቅ አንተ የት ልትቀር ነው?" አልኩት። እየሳቀ ዘጋው።

ገመዱ ይሄ ነው። ሣጥን ውስጥ ያለ ሰው ቢጮህ አብራሪው አይሰማም። ስለዚህ ከየሣጥኑ ወደ ውስጥ ገመድ ሰደድን፤ የቀኙ ከይሳቅ ቀኝ አንጓ፣ የግራው ከግራው ታሰረ። የተኛው ሰው ሲስብ "አለሁ" ማለት ነው። እኔ ድሬን እስክንዞር ስስብ ነበር። ስናርፍ "እጄን ገነጠልከው" ብሎ ሰደበኝ።

ከዚያ ይሳቅ እውነተኞቹን ቁስለኞች አመጣ። ሁለት ልጆች ነበሩ። የግራው እስኪያርፉ ሳበ። የቀኙ ገመድ መንገድ ላይ ቆመ። ይሳቅ ካረፈ በኋላ ከወንበሩ አልነሣም አለ፤ ገመዱን ፍታ ቢሉት አልፈታም። በቢላ የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። "ገመዱ ቆመ" ካለ እንግዲህ እየቃዠ አይደለም። ለሐኪሙ እንዲህ በይው።

አለም፣ ግራውን ክንፍ አንቺ ሥሪ። ቀኙን ለኔ ተዪው። ዓይኔ ባያይ እጄ ያያል። የተኛሁበትን ክንፍ ሌላ ሰው አይቀርጸውም።

ወንድምሽ፣
ዲሪዬ


ድሬዳዋ፣ ከዚራ
መጋቢት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለዲሪዬ፣

ልኬቶቹ ደርሰውኛል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበር፤ ይሳቅን ጠይቄ አስማማኋቸው። ፊቱን ከግድግዳው የመለሰውም ያን ቀን ነው። "ዲሪዬ ሁልጊዜ ልኬት ያሳጥራል፤ ራሱ አጭር ስለሆነ" ብሎሃል።

ለሐኪሙ አልነገርሁትም። ወሬ ማስረጃ አይሆንም፤ ሠርተን እናሳየዋለን። ስለ ገመዱ ከጻፍህልኝ በኋላ ግን አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ይሳቅ ከሰዓት ሲተኛ የስፌት ክር ከቀኝ አንጓው አስራለሁ፤ ሌላውን ጫፍ ከራሴ አንጓ። ጠረጴዛዬን ከአልጋው አጠገብ አስጠግቼ እየሠራሁ በየመሐሉ ሳብ አደርገዋለሁ። እሱም ሳይነቃ ይስባል። "ቆመ" ማለቱን ትቷል።

ሥራው እንዴት ነው ብትለኝ፣ አካሉ ተጣብቋል። ሁለቱ ግማሾች ሲገጣጠሙ ከላይ እስከ ታች ስንጥቅ ቀረ። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው የፈረንሳይኛ ወረቀት የጥፍር ቀለም ከታልክ ዱቄት ጋር ለውሶ መሙላት ነው ይላል። ቀፊራ ገበያ ሄድሁ። ሻጯ ጠርሙሶቹን ደረደረችልኝ።

"እማማ፣ ቀዩን ነው ሮዙን የምትፈልጊው?"

"የቱም ይሁን፤ በላዩ ይቀባል።"

"ሙሽራ አለች እንዴ?"

"አውሮፕላን ናት" አልኋት።

"ማሻአላህ! ማን ነው የሚያገባት፣ ሄሊኮፕተር?"

ለይሳቅ ስነግረው ከገና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ ሳቀ፤ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ሳለ። አካሉን እጁ ላይ አስቀመጥሁለት። በአውራ ጣቱ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ዳሰሳት።

"ክንፏስ?"

"ገና ነው።"

"ያለ ክንፍ ማን አስነሣት?"

"እኔ።"

"አንቺማ ባቡር ነሽ" አለኝ።

የቀኙን ክንፍ ንድፍ ካልክ በምንለው ስስ ወረቀት ላይ ስዬ በፊልሳን እጅ ልኬልሃለሁ። እንጨቱን አንተ ምረጥ፤ እኔ ለግራው የብርቱካን ሣጥን ጣውላ ይዣለሁ። በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልስ ጫፉን እንዳታሳሳው።

አለምብርሃን


ጅቡቲ፣ ባልባላ
መጋቢት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማዳም ሬግል፣

አጭር ነው ያለኝን ይሳቅን፣ ዲሪዬ ሳንቃ ትመስላለህ ብሎሃል በይው።

ንድፍሽን ያለ ዓይን እንዴት አነበብከው ትይኝ ይሆናል። ሑዳ መስመሩን ሁሉ በመርፌ ወጋችው፤ እኔ በጣቴ አነባለሁ። ጥሩ ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ግን አንቺ ሴትዮ ልትጨርሺኝ ነበር! እናንተ የፈረንሳይ ተማሪዎች ከላይ የሚታየውን ከታች ትስላላችሁ። እኛን ደብረ ዘይት ያስተማሩን አሜሪካኖች ከላይ የሚታየውን ከላይ ነው የሚስሉት። እኔ በራሴ መንገድ አንብቤ የክንፉን ፊት ወደ ኋላ፣ ኋላውን ወደ ፊት አድርጌ እንጨቱ ላይ ምልክት አደረግኩ። ቢላውን ሳነሣ ሑዳ "አባ ተው! እንዲህ ከቀረጽከው የሚወጣው ሌላ ግራ ክንፍ ነው" አለች።

እሷም እንዳንቺ ናት። እዚህ የፈረንሳይ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምራ ወደብ ላይ ንድፍ ትሠራለች። ሁለት ማዳም ሬግል መሐል ወደቅኩ። ቤቱ ውስጥ ስንጨቃጨቅ ጎረቤት "ምንድነው?" ብሎ መጣ። ሑዳ "አባቴ አውሮፕላን ወደ ኋላ ሊያበር ነው" አለችው።

እባክሽ በኛ መንገድ ደግመሽ ሳዪልኝ። በዚህ ዕድሜ እጄን አዲስ ነገር አላስተምረውም።

ፊልሳን ስለ ሳሌ የነገረችሽን አትስሚያት። ፊልሳን ስታወራ ባቡሩ ራሱ ይዘገያል። አቧራ ነው፤ እንጨት የሚያለሰልስ ሰው ሁሉ ይስላል።

ዲሪዬ


ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ሚያዝያ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለዲሪዬ፣

በልጅነቴ የፈረንሳይ ትምህርት ቤቱ መነኮሳት "ከላይ የታየ ከታች ይሳላል" እያሉ ያስተማሩኝን ለማንም ቀይሬ አላውቅም። በባቡሩ ቤት በሠራሁበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን አልቀየርሁም። ለአንተ ቀይሬዋለሁ። አዲሱ ንድፍ በአሜሪካኖችህ መንገድ ነው። በየትኛው ሥርዓት እንደተሳለ የሚያሳየውን ምልክት ከጥጉ አላደረግሁበትም፤ ስምምነታችንን እናውቀዋለንና።

ግራው ክንፍ ከነሣጥኑ አልቋል። ክዳኑ ይከፈታል። ከሣጥኑ ወደ አብራሪው ቦታ ቀጭን ክር አስገብቻለሁ። ከአካሉ ጋር ገጥሜ ለይሳቅ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየው። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ዓይኑ ወደ ባዶው ጎን ሄደ።

"ቀኙስ? ዲሪዬ የት ሊተኛ ነው?"

"ዲሪዬ ራሱ እየቀረጸው ነው።"

"ይሄ ሐኪም በአንድ ክንፍ አያምንም" አለኝ።

ስለ ጤናው እውነቱን እጽፋለሁ። ምግብ አይወስድም። ከቀኑ የሚበዛውን ይተኛል። ክሩን ስስብ መልሶ የሚስበው ዘግይቶ ነው፤ አንዳንዴ ሥራዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። ልቸኩልብህ አልወድም፤ የተቻኮለ ሥራ ሲበላሽ አይቻለሁ። ግን ዲሪዬ፣ ቶሎ በል።

ለአንተ ምን ልጻፍ ብዬ ስጠይቀው "ሳሉ ካለቀቀው ሣጥኑ ውስጥ አይግባ በይው" አለኝ። ፊልሳን ለእሱም ነግራዋለች ማለት ነው። የምታስለው ከአቧራው ከሆነ አፍህን በጨርቅ ሸፍነህ ሥራ። ካልሆነ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሂድና የሚልህን ጻፍልኝ።

አለምብርሃን


ጅቡቲ፣ ባልባላ
ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ አለምብርሃን፣

እንደምን ሰንብተሻል? ይሳቅስ እንዴት ነው? በመዘግየታችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ቤታችን ሰው በዝቶበት ሰነበተ፤ ሥራ ለመሥራት የሚመች አልነበረም። አሁን ሁሉም ወደየቤቱ ሄዷል።

ስለ ሳሉ ጠይቀሻል። ሳሉ ቆሟል።

ንድፉ ደርሷል። እንጨቱም ተመርጧል፤ ቀላልና ቀጥ ያለ ነው። ክንፉ ይደርሳል። ይሳቅ እንዲጠብቅ ንገሪልን። እንዲጠብቅ አደራ።

ዲሪዬ


ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ሐምሌ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለዲሪዬ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ እኔም ቤት ሰው በበዛበት ሰሞን ነው፤ ለዚህ ነው መልሴ የዘገየው። የሰዉ ብዛት፣ የወንበሩ መጎተት፣ ጠረጴዛዬን እንኳ ሁለት ሰዎች ሳይጠይቁኝ ወደ ግቢ አውጥተውት ነበር። አሁን ወደ ቦታው መልሻለሁ።

ስለ ይሳቅ ጠይቀሃል። አሁን አያመውም። ክፍሉም ጸጥ ብሏል። ክሩን ፈትቼዋለሁ።

ሥራዬን ከእሱ ክፍል አላወጣሁም፤ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ደህና ነው። አረንጓዴውን ቀለም ቀባሁ። አልወደድሁትም፤ ጠርጌ ደግሜ ቀባሁ። ትናንት ደግሞ ሙቀቱ በርትቶ ቀለሙ በብሩሹ ላይ ስለደረቀ ጭራውን ትቼዋለሁ። ይህ ሁሉ ምን ያስቸኩላል ብትለኝ አሁን የሚያስቸኩል የለም። በእርጋታ ሥራ። ነገር ግን ሥራውን እንዳትተወው። ጠዋት ተነሥቼ የምቀመጥበት ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ለአንተም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ፊልሳን ምን ሆናለች? ደብዳቤህን በበሩ አቀብላኝ፣ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች። ስለ ሸቀጧም፣ ስለ ፈታሾቹም፣ ስለ ማንም አንዲት ቃል አልነገረችኝም። ይህችን ሴት ዝም ብላ አይቻት አላውቅም።

የሳልህ መቆም ደስ ብሎኛል።

አለምብርሃን


ጅቡቲ፣ ባልባላ
ነሐሴ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ አለምብርሃን፣

ክንፉ በጥጥ ተጠቅልሎ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አለ። ፊልሳን በእቅፏ እንድትይዘው ነግረናታል። የወፍራሙ ጫፍ ልኬት ከንድፉ ጋር ተመሳክሯል። ሣጥኑም ተገጥሟል። ክዳኑ ላይ ለፊት የሚሆን ትንሽ መስኮት ተጨምሯል፤ በንድፉ ላይ አልነበረም፣ ግን በእውነተኛዋ ላይ እንደነበረ በዚህ ቤት ይነገር ነበር።

ይሳቅ ሲያየው ምን እንዳለ እባክሽ ጻፊልን።

ፊልሳን ደክሟት ነው።

ዲሪዬ


ድሬዳዋ፣ ከዚራ
መስከረም 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሑዳ፣

ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት ለአንቺ ነው። ስምሽን ከላይ ስታዪው አትደንግጪ።

ቆርቆሮውን ከፍቼ ክንፉን በጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥሁት። እኔ ከሠራሁት ከግራው ክንፍ አጠገብ አጋደምሁት። ርዝመቱን ለካሁ፣ ውፍረቱን ለካሁ፣ ሣጥኑን ለካሁ። እንከን የለውም። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ንጹሕ እጅ ጥቂት ነው ያየሁት። ከዚያ ከአካሉ ጋር ልገጥመው አነሣሁት። አልገጠመም። ፊቱ ኋላ ሆኗል። በጠረጴዛዬ ላይ አሁን ሁለት ክንፎች አሉ፤ ሁለቱም ግራ ናቸው።

መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርሁ፤ የንድፉን ግልባጭ አውጥቼ አየሁ። በስምምነታችን መሠረት በአሜሪካኖቹ መንገድ ነው የሳልሁት። ያን ንድፍ አሜሪካኖች ያስተማሩት ሰው ዓይኑ ጠፍቶም አይሳሳትበትም። በዚህ መንገድ የሚሳሳተው እንደ እኔ "ከላይ የታየ ከታች ይሳላል" ተብሎ ያደገ ሰው ብቻ ነው።

ስምምነቱን ታውቂ ነበር፤ ያን ደብዳቤ በእጅሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ምልክቱን ከጥጉ ባለማድረጌ ጥፋቱን ከአንቺ ጋር እካፈላለሁ። ግን ምልክት ቢኖርም ኖሮ የሚያድንሽ አይመስለኝም። ያዘነ እጅ መጀመሪያ ወደ ተማረው ይመለሳል። እኔም በዚህ ክረምት ስንት ነገር ተገላቢጦሽ እንደሠራሁ ፊልሳን ትነግርሽ ነበር፣ ዝም በይ ባልላት ኖሮ።

አዎ፣ እኔም ዝም በይ ብያታለሁ። ከአንቺ ቤት አንዱን፣ ከእኔ ቤት ሌላውን ይዛ በዚያ ባቡር ስትመላለስ የከረመችውን አስቢ። ያች ሴት ከእንግዲህ የፈለገችውን ያህል ብታወራ አልቆጣትም።

ከሰኔ ጀምሮ በደብዳቤዎቹ ውስጥ ማዳም ሬግል የሚለኝ አልነበረም። አስተውዬው ነበር። ሰው ሲያመው ቀልድ ይቀንሳል ብዬ አለፍሁት። ያለፍሁት ማለፍ ስለፈለግሁ ነው።

አሁን የምነግርሽን ስሚኝ። ስለ አባትሽ በወረቀት አትጻፊልኝ። እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይመጣም፤ በሰው ነው የሚመጣ። ስለ ይሳቅም ጠይቀሽኛል፤ እኔም በወረቀት አልመልስልሽም። ውሸት ጽፌልሽ እንደሆነ የሐምሌውን ደብዳቤ መልሰሽ አንብቢ፤ አታገኚበትም።

ክንፉን መልሼ አልልከውም። የተሠራ ሥራ ነው፤ እዚሁ ይቀመጣል። ነገር ግን ቃሬዛ ቀኝ ክንፍ የላትም። በአንድ ክንፍ የማያምን ሐኪም ደግሞ በሁለት ግራም አያምንም።

አክስትሽ፣
አለምብርሃን


ጅቡቲ፣ ባልባላ
መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤዶ አለም፣

በእኛ ቋንቋ የአባት እህት ኤዶ ትባላለች። አባቴ ስለ አንቺ ሲያወራ ለእኔ "ኤዶሽ" ነበር የሚለው፤ ስለዚህ ሌላ ስም የለኝም። ከእሱ የተማርኩት አማርኛ የድሬ አማርኛ ነው፣ "እርስዎ" የሚባል የለውም። ይቅር በዪኝ።

ያዘዝሽኝን እጠብቃለሁ። ስለ እሱ በወረቀት አልነግርሽም። ለምን እንደጻፍኩ ብቻ ልንገርሽ። አደራ ብሎኝ ነበር፦ "ክንፉ ሳይደርስ ለድሬ እንዳትናገሪ። ይሳቅ እኔን እየጠበቀ ነው፤ እኔን ካጣ ገመዱን ይለቃል።" እኔም ያን ሰው በሕይወት ያቆየሁት እየመሰለኝ ጻፍኩ።

ከዚያ የሐምሌው ደብዳቤሽ መጣ። ክሩን ፈትቼዋለሁ ብለሽ ነበር። ቢላዬን አስቀመጥኩ። ከዚያ መልሼ አነሣሁት፤ አባቴ የጀመረው እንጨት ነው፣ ፊቱን በጣቱ ያለሰለሰው እሱ ነው። ለማን እንደምቀርጸው ሳላውቅ ቀረጽኩት። አንቺ የምትኖሪው ለዚህ ሥራ ነው ብዬም አሰብኩ። ይሳቅ ምን አለ ብዬ የጠየቅኩሽ ዋሽተሽ ትመልሺ እንደሆነ ለማየት አልነበረም። የሚመልስ ሰው እንዲኖር ስለፈለግኩ ነው።

አሁን ንድፉን አውጥቼ እንደገና በመርፌ ወግቼዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንደ እሱ በጣቴ አነበብኩት። ቀኝ ክንፍ ነው። ጀምሬዋለሁ።

ሲያልቅ ለፊልሳን ልስጣት?

ሑዳ


ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሑዳ፣

ለፊልሳን አትስጪያት። ይዘሽው ነይ።

ባቡሩ ከሰዓት በኋላ ነው የሚገባው። ጣቢያው ከከተማ ራቅ ይላል፤ ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ። ጥቁር የለበሰች፣ ቀጥ ብላ ለመቆም የምትሞክር አሮጊት ፈልጊ። ስታዪኝ ምንም አትጠይቂኝ፤ እኔም አልጠይቅሽም። ያን ቀን ትበያለሽ፣ ትተኛለሽ። የምንነጋገረው በነጋታው ጠዋት ነው፤ ጎረቤቶቼ ይመጣሉ፣ ብቻችንን አንሆንም። አንቺ የእኔን ትሰሚያለሽ፣ እኔም የአባትሽን እሰማለሁ። ማልቀስም የዚያን ጊዜ ነው።

ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ። ክንፉ ሲገጠም ቆሞ ያያል።

ቀለሙን እዚህ እንቀባዋለን። ክሩን ከሣጥኑ አውጪው እንጂ አትቁረጪው። ረዘም አድርገሽ ተዪው፤ እኔ አስረዋለሁ።

አለምብርሃን